የቆየ ልማድን ማስተው፦ ለማዋለጃ ክፍል ኃላፊዎች ዝርዝር መመሪያ

አዲስ አሰራር ማስተማር ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው የድሮውን ማስተው ነው። ስልጠና ይሰጣል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል፣ አዲሱ ፕሮቶኮል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ወላድ በአንድ ጊዜ ሲመጡ እጅ ወደለመደው ይሄዳል።

ችግሩ በባንክም፣ በፋብሪካም፣ በትምህርት ቤትም አለ። እኔ ማዋለጃ ክፍልን የመረጥኩት እዚያ የቆየ ልማድን ዋጋ የምትከፍለው እናት ስለሆነች ነው። ደግሞም የምትከፍለው እናት ቁጥር በጣም ጨምሯል። በአገራችን በጤና ተቋም የሚደረግ ወሊድ እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 5 ገደማ ነበር። በ2019 ወደ 48 ደርሷል። ጥቂት ሰው በሚመጣበት ዘመን የተያዘ ልማድ ዛሬ በየቀኑ ብዙ ሴቶችን ይነካል።

ይህን የምጽፈው ለማዋለጃ ክፍል አስተባባሪዎች፣ ለማትሮኖች (ለነርስ ኃላፊዎች) እና ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ነው። ሁሉንም ደረጃ የሚያያይዘው አንድ ሐሳብ ነው። ልማድ የሚኖረው በባለሙያው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አይደለም። በትሪው ላይ አለ። በፎርሙ ላይ አለ። በሲኒየሩ ንግግር አለ። በፍርሃት ውስጥም አለ። እነዚህን ሳትነኩ ባለሙያውን ብቻ ብትመክሩ ልፋታችሁ ከንቱ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ አንድ ልማድ ምረጡ

"የሰራተኛው አመለካከት ይቀየር" የሚል ዕቅድ አትያዙ። አመለካከትን ቆማችሁ ልታዩት አትችሉም። የሚታይ፣ በእጅ የሚሰራ አንድ ነገር ምረጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የወሊድ እንክብካቤ ምክር ለምርጫ ይረዳችኋል። ወላድን መላጨት አይመከርም። ኢኒማ መስጠት፣ ማለትም በፊንጢጣ ፈሳሽ አስገብቶ አንጀትን ማጽዳት፣ አይመከርም። ልጁ ቶሎ እንዲወጣ ሆድን ከላይ መጫን አይመከርም። በጅምላ ኤፒሲዮቶሚ መስራት፣ ማለትም ሳያስፈልግ የብልትን ጠርዝ በመቀስ መቅደድ፣ አይመከርም። እትብት ወዲያው አይቆረጥም፤ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። ጨቅላው ገና እንደተወለደ አይታጠብም፤ 24 ሰዓት ይቆያል። ወላዷ የመረጠችው ሰው አብሯት ቢሆን ይመረጣል። የምትወልድበትን አኳኋንም ራሷ ትመርጣለች።

ከእነዚህ ውስጥ ክፍላችሁ ውስጥ አሁንም የሚሰራውን ለዩ። ከዚያ አንዱን ብቻ ያዙ። በአንድ ጊዜ አምስቱን እናስቁም ያለ ክፍል አንዱንም ሳያስቆም ይከርማል።

የመጀመሪያው ምርጫችሁ በእናንተ አቅም የሚፈታ ይሁን። አዲስ ዕቃ ግዢ የሚጠይቅ ከሆነ ለሁለተኛ ዙር አቆዩት። መላጨትን ማስቆም ምንም ዕቃ አይጠይቅም። እትብት መጠበቅም ሰዓት ያለው ግድግዳ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ደረጃ 2፦ ልማዱ ለምን እንደተጀመረ ጠይቁ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ብዙ ኃላፊ የሚዘለው ይህን ነው፤ ብዙ ጥረት የሚከሽፈውም እዚሁ ነው።

እያንዳንዱ የቆየ ልማድ በጊዜው ምክንያት ነበረው። ኤፒሲዮቶሚን እንውሰድ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሐኪሞች እንዲህ ብለው አሰቡ፦ በራሱ ከሚቀደድ ቁስል በመቀስ የተቆረጠ ቀጥ ያለ ቁስል ይሻላል፣ ለመስፋትም ይቀላል፣ ከባድ መቀደድንም፣ ማለትም ወደ ፊንጢጣ የሚደርሰውን፣ ይከላከላል። ሐሳቡ ምክንያታዊ ይመስል ነበር። ትውልድ ሙሉ ተማረው፣ አስተማረውም።

በኋላ ተፈተሸ። በአርጀንቲና 2,606 ወላዶች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ። ለሁሉም መቅደድ ከባድ መቀደድን አልቀነሰም። ያም ሆኖ ልማዱ ወዲያው አልጠፋም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 በብልት በኩል ከወለዱት ከመቶ 60 ያህሉ ኤፒሲዮቶሚ ይሰራላቸው ነበር። ወደ 25 ከመቶ ገደማ ለመውረድ እስከ 2004 ወስዷል። የሃያ አምስት ዓመት ጉዞ ነው። ሰራተኞቻችሁ አንድ የሁለት ቀን ስልጠና ስላልቀየራቸው ሰነፎች ናቸው ማለት አይደለም።

ስለዚህ ጠይቁ። በስብሰባ አይደለም፤ በስብሰባ ሰው የሚመልሰው ትክክለኛ የሚመስለውን ነው። በሻይ ሰዓት፣ ለብቻ ጠይቁ። ዕድሜ የጠገቡትን አስቀድሙ።

"ሲስተር፣ እርስዎ ሲማሩ ይሄ ለምን ነበር የሚደረገው? አሁን ብንተወው ምን ይፈጠራል ብለው ይሰጋሉ?"

መልሱን ጻፉት። አንዷ "በራሱ ከተቀደደ ወደኋላ ይሄዳል ብዬ እፈራለሁ" ትላለች። ይህ ከእውቀት ክፍተት የመጣ ፍርሃት ነው፤ መረጃና የእጅ ልምምድ ይፈታዋል። ሌላዋ "ልጁ ይታፈናል" ትላለች። ይህ የልብ ምት ክትትል ላይ ያለ መተማመን ጉድለት ነው፤ መፍትሔው ምቱን በየጊዜው መስማት ነው። ሦስተኛዋ "ዶክተሩ ይቆጣኛል" ትላለች። ይህ የእሷ ልማድ አይደለም፤ የዶክተሩ ነው። አራተኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አልጋው ቶሎ እንዲለቀቅ ነው" ትላለች። እሷን ማሰልጠን ምንም አይለውጥም። ችግሩ የአልጋ ነው።

አራቱም የሚሰሩት አንድ ነገር ነው። አራቱም ግን በተለያየ መንገድ ነው የሚተዉት። ሁሉንም ሰብስባችሁ አንድ ዓይነት ገለጻ ብትሰጡ ከአራቱ አንዷን ብቻ ታገኛላችሁ።

አሁን ስለ ክብር። ሃያ ዓመት ያዋለደችን ሚድዋይፍ "ይሄ አሰራር ስህተት ነው" ስትሏት የምትሰማው "ሃያ ዓመት ሙሉ ሴቶችን ስትጎጂ ኖረሻል" የሚለውን ነው። ይህን ሰምቶ በደስታ የሚለወጥ ሰው የለም። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ።

መጀመሪያ፣ የድሮውን አሰራር በዘመኑ አስቀምጡት። "ያኔ የነበረው ትምህርት ይህ ነበር፤ የተማሩትንም በሚገባ ሰርተዋል። ከዚያ ወዲህ ማስረጃ መጥቷል" በሏት። እውነትም ስለሆነ ለመናገር አይከብድም።

ሁለተኛ፣ አዲሱን እሷ ታስተምረው። ዓምና የተመረቀ ልጅ ፊቷ ቆሞ እንዲያስተምራት አታድርጉ። ሁሉም ከመስማቱ በፊት ለእሷ ለብቻዋ አሳይዋት፣ አስተያየቷን ተቀበሉ፣ ለጁኒየሮች የማሳየቱን ስራ ለእሷ ስጡ። የሚያስፈራት እውቀቱ መለወጡ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ያላት ቦታ መነካቱ ነው። ቦታዋ ከተጠበቀ ከማንም ቀድማ ስትለወጥ ታያላችሁ። ለእኔ ከዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህንን ነው የምለው።

ደረጃ 3፦ ልማዱን የያዘውን ነገር ፈልጉ

ወረቀትና እስክሪቢቶ ይዛችሁ ከበሩ እስከ አልጋው ተራመዱ። በእያንዳንዱ ቦታ "እዚህ ምን አለ የድሮውን እንድንሰራ የሚገፋን?" ብላችሁ ጠይቁ።

ዕቃ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ አለ። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም አዋላጆች በዓይን ነበር የሚገምቱት። ደሙ ሲበዛ ዓይን አሳንሶ ነው የሚገምተው። ይህ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል፤ መነገሩ ግን ልማዱን አላስቀረውም። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች ላይ የተካሄደው ኢ-ሞቲቭ የተባለ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። እዚያ ከወላዷ ስር ልኬት የተጻፈበት የፕላስቲክ መቀበያ ተነጠፈ። ደሙ እዚያ ይጠራቀማል፣ ሚድዋይፏ መስመሩን ታነባለች። መስመሩ ላይ ሲደርስ ሕክምናዎቹ ተራ በተራ ሳይሆን በአንድ ላይ ይጀመራሉ። ከባድ ደም መፍሰስን፣ በእሱ ምክንያት ሆድ መከፈትንና ሞትን አንድ ላይ የያዘው ውጤት በ60 በመቶ ቀነሰ። ስልጠናም ነበረው፤ ግን ዓይንን ከስራው ያሳረፈው ያ ፕላስቲክ ነው።

ወደ እናንተ ክፍል እንመለስ። የማዋለጃ ትሪው ላይ የኤፒሲዮቶሚ መቀስ ከእትብት መቀሱ ጎን ለጎን ተከፍቶ ይጠብቃል? እጅ ያገኘውን ያነሳል። መቀሱን ከክፍሉ አታስወጡት፤ በእውነት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ለብቻው በታሸገ ፓኬት፣ እጅ በሚደርስበት ግን ከትሪው ውጪ አስቀምጡት። ፓኬቱን መክፈት ራሱ "ያስፈልጋል ወይ?" ብሎ ለማሰብ ፋታ ይሰጣል።

ፎርሙንም ተመልከቱ። የድሮው ፓርቶግራፍ፣ ማለትም የምጥ መከታተያ ቅጽ፣ ክትትሉን ከ4 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል፣ የማህፀን በር በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር እንዲከፈትም ይጠብቃል። የ2018ቱ ምክር ንቁ ምጥ ከ5 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል ይላል። በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር የሚለው መለኪያም ለብዙ ሴቶች ከእውነታው የራቀ መሆኑን ያስረዳል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ የምጥ መከታተያ ቅጽ ያወጣው ለዚህ ነው። አዲሱን አስተምራችሁ የድሮውን ቅጽ ካርዱ ውስጥ ከተዋችሁት ባለሙያው በቅጹ ያስባል። "ዘገየች" የሚለው ቃል ከቅጹ መስመር ነው የሚወጣው።

ኮምፒውተር በገባበት ክፍል ሁሉ ያለው የድርብ መዝገብ ጣጣም እዚሁ ይገባል። ሲስተሙ ከተጀመረ በኋላ የወረቀት መዝገቡ "ለማንኛውም" ተብሎ ይቀጥላል። ሰራተኛው ሁለት ጊዜ ይጽፋል፣ ይሰለቻል፣ የሚያምነው ግን ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ የሚዘጋበትን ቀን አስቀድማችሁ ቁረጡ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግም በዚያው ቀን ወስኑ።

አንዳንዴ ልማዱን የያዘው ከሕክምና ክፍሉ ውጪ ያለ ሰው ነው። ወላድ አጃቢ ይዛ እንድትገባ ሚድዋይፎቹ ቢስማሙ እንኳ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ የሚያውቀው "ማንም እንዳይገባ" የሚለውን ነው። እሱን ማንም አላነጋገረውም። አነጋግሩት። ደግሞ በአልጋዎቹ መካከል መጋረጃ ከሌለ ሚድዋይፏ አጃቢ የምትከለክለው የሌላዋን ወላድ ገመና ለመጠበቅ ነው። መጋረጃ ሲሰቀል ክልከላው ምክንያት ያጣል። ብዙ ጤና ጣቢያዎቻችን ገንፎና ቡና እንዲፈላ ሲፈቅዱ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ለዘመናት የተከለከለ ነገር ነበር፤ ቦታና ዕቃ ሲመደብለት የአገልግሎቱ አካል ሆነ።

ደረጃ 4፦ የሚቆመውን በግልጽ ጻፉ

አብዛኛው ፕሮቶኮል የሚሰራውን ይዘረዝራል። የሚቆመውን አይናገርም። ሰራተኛው ደግሞ አዲሱን በድሮው ላይ ይደርበዋል። ስለዚህ አንድ ገጽ አዘጋጁ። በአማርኛ ይሁን። እንዲህ ያለ፦

"ከዛሬ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ ስለሆነች ብቻ ኤፒሲዮቶሚ አይሰራም። የልጁ የልብ ምት ችግር አሳይቶ ቶሎ መውጣት ሲኖርበት፣ ወይም አዋላጇ ሌላ ግልጽ ምክንያት ስታይ ይሰራል። ለወላዷ ይነገራታል፣ ፈቃዷ ይጠየቃል፣ ማደንዘዣ ይሰጣል፣ ምክንያቱ ቻርት ላይ ይጻፋል።"

ልዩ ሁኔታውን አትርሱ። ያለ ልዩ ሁኔታ የተጻፈ ክልከላ የመጀመሪያው አስቸጋሪ ወሊድ ላይ ይፈርሳል፣ ከዚያ በኋላም አመኔታ አያገኝም።

በዚያው ቀን የድሮውን ፖስተር ንቀሉ። ሁለት ፖስተር የተለጠፈበት ግድግዳ ሰራተኛው የፈለገውን እንዲመርጥ ይተወዋል።

ደረጃ 5፦ ከላይ ያሉትን አስቀድማችሁ ያዙ

ሚድዋይፏ አዲሱን ሰርታ ከባድ መቀደድ ቢያጋጥማት፣ ጠዋት በሐኪሞች ጉብኝት (ራውንድ) ላይ "ለምን አልቀደድሽም?" ከተባለች ነገሩ በዚያው ያበቃል። ያን ቃል የሰሙ ሁሉ ወደ ድሮው ይመለሳሉ።

ስለዚህ ገጹን የጽንስና ማህፀን ሐኪሙና የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ይፈርሙበት። ከፊርማው በፊት ቁጭ ብላችሁ "የመጀመሪያው መቀደድ ሲያጋጥም ምን እንላለን?" የሚለውን ተነጋገሩ። መልሱ ከወዲሁ ይታወቅ። "ምክንያቱን አብረን እንይ" ማለት በቂ ነው። ተማሪና ኢንተርን ካላችሁም ሎግቡካቸውን፣ ማለትም የልምምድ መዝገባቸውን፣ ተመልከቱ። ይህን ያህል ኤፒሲዮቶሚ ይስሩ የሚል ከሆነ ኮሌጁን ሳታነጋግሩ አትጀምሩ።

ደረጃ 6፦ ለእጅ ሌላ ስራ ስጡት

"አትቁረጪ" የተባለ እጅ ባዶውን አይቆምም። የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። በኤፒሲዮቶሚ ፋንታ በሞቀ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጠርዙ ላይ መያዝ፣ የልጁ ጭንቅላት ሲወጣ በእጅ መደገፍ፣ እናትየዋ ቀስ ብላ እንድትገፋ ማናገር አለ። እነዚህ ይመከራሉ፤ እጅንም ስራ ያስይዛሉ።

እትብቱም ላይ እንዲሁ ነው። ያቺ የምትጠበቀው ደቂቃ ረጅም ናት። ቆሞ መጠበቅ ለሚድዋይፍ ስራ መፍታት ይመስላታል። ደቂቃውን በስራ ሙሉት። ልጁ እናቱ ሆድ ላይ ይደረጋል፣ ይደረቃል፣ ይሸፈናል፣ አተነፋፈሱ ይታያል። ሁለተኛዋ ባለሙያ ሌላ ልጅ አለመኖሩን አረጋግጣ ማህፀን እንዲኮማተር የሚያደርገውን ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ትወጋለች። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ደቂቃው አልፏል። በዚያ ጊዜ 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ከእንግዴ ልጁ ወደ ሕጻኑ ይገባል፤ በቀጣዮቹ ወራት የሚፈልገው ብረት ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሕጻኑ ካልተነፈሰና በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ የመተንፈሻ ማገዣ) መታገዝ ካለበት አይጠበቅም፤ ይህም ገጹ ላይ ይጻፍ።

ልምምዱን ክፍሉ ውስጥ አድርጉት። በርክክብ ሰዓት፣ አሻንጉሊትና አሮጌ ጨርቅ ይዛችሁ፣ አስር ደቂቃ። ሆቴል ውስጥ በስላይድ የሚሰጥ ስልጠና ለአዲስ እውቀት ይጠቅም ይሆናል። የእጅ ልማድን ግን አይነካም፣ ምክንያቱም አልጋው፣ ትሪውና ጩኸቱ እዚያ የሉም። ያለን በጀት ትንሽ ከሆነ ከአበል ይልቅ በየሳምንቱ አስር ደቂቃ ላይ እንድታውሉት አጥብቄ እመክራለሁ።

የሌሊት ተረኞችን አትርሱ። ልምምድ የሚደረገው ቀን ነው፤ ድሮው የሚመለሰው ሌሊት ነው። ድካምና ጥድፊያ ሲበረታ ሰው የሚያስበው በእጁ ነው። ከወር አንዴ እናንተው ሌሊት ገብታችሁ አብራችሁ ስሩ። ለቁጥጥር ሳይሆን ለማገዝ መሆኑ ይታወቅ።

ደረጃ 7፦ ቁጠሩ፣ ስም ግን አትጥሩ

አንድ ቁጥር ብቻ ያዙ። ለምሳሌ በሳምንቱ ከወለዱት ስንቶቹ ኤፒሲዮቶሚ ተሰራላቸው? ከጎኑ ደግሞ ስንቶቹ ከባድ መቀደድ ገጠማቸው? ሁለተኛው ቁጥር የሚያስፈልገው ሚድዋይፎቹ የፈሩት ነገር እንደደረሰ ወይም እንዳልደረሰ ራሳቸው እንዲያዩ ነው። ፍርሃትን ከማንም ንግግር በላይ የሚያበርደው የራሳቸው ክፍል ቁጥር ነው።

ወረቀቱ ላይ የሰው ስም አይጻፍ። ደመወዝ መቁረጥ፣ ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ በስብሰባ ማሸማቀቅ አይምጣ። ቅጣት ሲጀመር መዝገቡ መዋሸት ይጀምራል። በመቀስ የተቆረጠው "ተቀደደ" ተብሎ ይጻፋል። ያኔ ልማዱ ባለበት ነው፤ እናንተ ግን አታዩትም።

ቁጥሩ አልወርድ ካለ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። አብዛኛውን ጊዜ ያልተነካ ትሪ፣ ያልተነቀለ ወረቀት ወይም ያልተነገረው ሰው ይገኛል።

ደረጃ 8፦ ለሚመጡት በሩን ጠብቁ

ልማድ በዝውውርም ይገባል። ከሌላ ሆስፒታል የመጣች ሚድዋይፍ የዚያን ክፍል እጅ ይዛ ነው የምትመጣው። በመጀመሪያው ሳምንቷ ገጹን ከሲኒየሯ ጋር ታንብበው፣ ሁለት ሦስት ወሊድ አብረው ያዋልዱ።

ገጹ ላይ ቀን ጻፉ፤ የሚከለስበትንም ቀን ጭምር። ያ ቀን ሲደርስ ገጹን እንደገና ከማውጣታችሁ በፊት አዲስ ምክር ወጥቶ እንደሆነ ከጤና ሚኒስቴርና ከዓለም ጤና ድርጅት ሰነዶች አረጋግጡ። የተለወጠ ነገር ካለ ድሮውን ያስተዋችሁ ያቺው ሲኒየር ትጠራ፣ ገጹን እሷ ታርመው፣ ሁለተኛውን ልማድም ከእሷ ጋር ምረጡ።